የዘይት ወንፊት

ሰው ሁሉ መጥቶ የሚከፍተው የፊቷን ኮፈን ነው፤
አሮጌ ጎማና የዶሮ ጎጆ ነው የሚያገኘው።
«ሞተሯን ሸጥሽው ወይ?» አለኝ ጎረቤቴ።
«ከኋላ ነው የምታስበው» አልኩት፣ «እንደ ሟች ባለቤቴ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ሸምኜ፣
በስልሳ ሦስቴ ላይ ተማሪ ሆንኩ ደግሞ፣ ቱታ ተከድኜ።
መምህሬ ማናህሎት ነው፣ ከበሬሳ ማዶ፣
ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ጥፍሩ የማይነጣ፣ ኪሱ ሙሉ ዳዶ።
«በአራት ብሎን ነው እኮ የተንጠለጠለች፣
እማማ፣ ሲፈቱት ሸርተት ትላለች።»

ሸርተት አላለችም። ሦስቱ ተፈቱልኝ፤
አራተኛው ዝጎ ሁለት ቀን አስለቀሰኝ።
ጋዝ አጠጣሁት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት፤
በሦስተኛው ንጋት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሣሩን ጨው ሲያስመስለው፣
ሳልጠብቀው ፈታሁት።

ያወጣሁትን ሁሉ በተራ ደረደርኩ፣
ሮንዴላና ዳዶ በእንቁላል መያዣ ለየብቻ አኖርኩ።
አንዲት ሞላ ጠፋች። ዶሮዋን ከሰስኳት፤
ሳምንቱን በሙሉ ጥሬ ከለከልኳት።
ከቱታዬ እጥፋት ሞላዋን ሳገኛት
ይቅርታ አልጠየቅሁም። ገብስ ጨመርኩላት።

«ፋሻውን ቀስ በይ፣ ጣት ላይ ቀለበት እንዳለ…»
ብሎኝ ሳይጨርስ ቀጭ አለ።
ሌላው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ፤
የጡረታዬ ግማሽ በአንድ ፖስታ ወጣ።

ጥላዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለመጣው እንግዳ
አንድ ወሬ ነበረው፣ ማይሰለቸው ፍዳ፦
«ከደብረ ሲና ሽቅብ፣ አንድ ቀን ሰጠኋት፤
ጣርማ በር ሳትደርስ ሞተር አስነክሳ ገደለቻት።»
እንግዳው ይስቃል። እኔ ቆሎ አቀርባለሁ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬ ስቄያለሁ።
ያቺን ሰዓት ግን አውቃታለሁ፤
ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ፣ ከመሪው ፊት አንዲት ቀይ መብራት
በርታ አይቻለሁ።
ምን እንደምትል አላወቅሁም። ለሱም አልነገርኩት።
የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶን ስንመለስ፣
በመስተዋቱ ፊቱን እያየሁት።

ከሆዷ ሥር ስድስት ዳዶ አለ፣ ክብ ክዳን የያዘ፣
ከላዩ የሽቦ ወንፊት፣ ዘይት የሚያጠራ፣
ዘይቱ ግን በጨርቅ ታንቆ የደነዘዘ።
የሞተ አይጥ መስሎኝ ጣልኩት። ማናህሎት ሳቀ፤
በጋዝ አጠበው፣ ጨመቀው፣ ደግሞ ጨመቀው፣
ከጥቁሩ ሥር ቀስ እያለ አንድ ቀለም ዘለቀ።

ግራጫ ሱፍ። በዳሩ ቀጭን ቀይ መስመር።
ይህን መስመር የምትጥል አንዲት ማሽን ነበረች፣ ሰባት ቁጥር።
የኔ።
በጉያዬ ሸጉጬ ከፋብሪካ ያወጣሁት ቁራጭ፣
እጁን እንዲጠርግበት፣
ዘይት በሚቀይርበት ቅዳሜ የሰጠሁት፣
እሱም ክፍት አፏ ላይ ወትፎ የረሳበት።

«አየሽ፣ አንቺ አይደለሽም» አለ ማናህሎት።
ዝም አልኩት።
እጁ የጥላዬ ነው። ጨርቁ የኔ ነው።
ቀይዋስ መብራት? ያቺን ለማን ልስጣት?
ከሳሽ ከአፈር በታች፣ ተከሳሽ ከመኪና በታች፣
ዳኛ የለ፤ ዶሮዋ ብቻ አንገቷን አጣማ ታየናለች።

ገጠምናት። በመጀመሪያው ቀን ቁልፉ ቢዞርም ዝም።
ሽቦ አቀያይሬ ነው፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አስቀምጬ፣
አሁንም ሳላርም።
በሁለተኛው ቀን ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፤
ዶሮዋ እስከ አጥሩ ድረስ በረረች።
በሦስተኛው ተነሣች። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚያሰማው
ሰባት ቁጥር ማሽኔም እንዲህ ነበር የምታሰማው።

ከግራዋ በኩል ትንሽ ዘይት ታንጠባጥባለች።
አንዲት ሮንዴላም ተርፋናለች፤
ከየት እንደሆነች ማናህሎትም አያውቅ።

ጨርቁን አልጣልኩትም።
ማለዳ ማለዳ ዘይት ስለካ፣ ዘንጉን የምጠርገው በሱ ነው፤
ክዳኗን ከመዝጋቴ በፊት ግን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፦
አንድ ጨርቅ።
ከውጭ።
እጄ ላይ።