መቀየሪያው

ባጃጄን አቆምኩት ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፤
ከሌሊቱ ስምንት፤ አስፋልቱ የቀኑን ፀሐይ ገና ያስታውስ ነበር።
ስልኬ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ዚያዳ ናት፤ አላነሣሁም።
ምን ብዬ ልንገራት? እኔም ለራሴ አልነገርኩም።

የሠላሳ ሰው ዕቁብ በእጄ ላይ ነበረ፤
«ለሰባት ቀን» ብዬ ጨርቅ አዞርኩበት፤ ጨርቁ ደወሌ ኬላ ተወርሶ ቀረ።
አንዱ ዕጣ የሙና ነው፤ ሙሸበክ ጠብሳ ነው ኑሮዋ፣
ለልጇ ዓይን ሕክምና ነበር የዘንድሮ ድርሻዋ።

ውስጤ የሚናገር አንድ ድምፅ ነበረ፤ እንዲህ ነው የሚለው፦
«አንተ ባትኖር ነው ለሁሉም የሚሻለው።»
ድምፁ የኔን ይመስላል፤ በቤት ስሜ ይጠራኛል፤
ውሸት እንደዚህ ቀርቦ፣ እንደዚህ ለስልሶ መቼ ተናግሮኛል?

እንዲህ ሳለሁ ጋሽ ሮብሌ በሽርጡ፣ በባትሪው መጣ፤
አርባ ዓመት ሃዲድ ሲቀይር ኖሮ በጡረታ የወጣ።
(አሮጌው ባቡርም ከሱ ጋር ነው የቆመ፤
እሱ ግን ሌሊት ሌሊት ጣቢያውን ይዞራል፤ እግሩ መች ደከመ።)

ከኋላ ወንበር ገባ እንደ ተሳፋሪ።
«የት ላድርስህ?» አልኩት፤ ልማድ ነው።
«አቦ፣ እኔስ ደርሻለሁ፤ አንተ ነህ ቀሪ።»
ባትሪውን ፊቴ ላይ አላበራም። ጨለማው ውስጥ ቆየን።
ከዚያ ቃሉን በስሙ ጠራው፦
«ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አዎ»ዋ ከአፌ ስትወጣ
ትከሻዬ ላይ የነበረ አንድ ነገር ብድግ አለ፤ ጨርሶ ባይወጣ።

«አይዞህ» አላለኝም። «ኃጢአት ነው» አላለም።
ስለ ብረት ነው ያወራኝ፤ ሌላ ነገር አያውቅም።
«ከኤረር ቁልቁል ሲመጣ ባቡር ‹ቁም› ቢሉት አይቆምም፤
‹ጭነትህን ጥለህ ና› ቢሉት እሱንም አይሰማም።
የሃዲዱ ምላስ ግን አንድ ስንዝር ናት፤
ቀያሪ ያቺን ምላስ ነው የሚገፋት።
ያው ባቡር፣ ያው ጭነት፣ ያው የፉጨት ጩኸት፤
መድረሻው ግን ሌላ፤ ያቺ ስንዝር ናት የለወጠችለት።»

«ምንድነው የጫንከው?» አለኝ።
«ሀፍረት።»
«ሀፍረት ጫፉ የተዘጋ ሃዲድ ነው፤
‹እኔ ራሴ ብላሽ ነኝ› ነው የሚለው።
ጸጸት ግን ‹ያደረግኩት ብላሽ ነው› ይላል፤
ስትሰማቸው አንድ ናቸው፤ ጸጸት ግን እግር አለው፣ ሙና ቤት ይሄዳል።
ሀፍረት ሙናን ሲያይ በሌላ ቅያስ ይሰወራል።»

ተቆጣሁት። «ምላስህ የሠላሳ ሰው ብር አይመልስም!»
«አይመልስም» አለ። «የሞተ ሰውም አይመልስም።»
ከዚያ ስልኬን አነሣው። «ዚያዳ፣ አለ፤ አጠገቤ ነው፤ ነይ።»
በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች፤ አንድ እግሯ ባዶ፤
ምንም ሳትለኝ ቁልፌን ወሰደች።

ሲነጋ ድል ጮራ ሄድን፤ ሽማግሌው ተራ ያዘልኝ፤
ሐኪሟ ረጅም ሰዓት፣ ሳትጽፍ፣ አዳመጠችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሙና ቤት። አልዋሽም፤ ይቅር አላለችኝም፤
ሰደበችኝ፣ እናቴን ጨምራ፤ የስኳሩን ጣሳ ወረወረችው፤ አልሳተኝም።
አለቀሰች። እኔም። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ
«በወር ስንት ትሰጠኛለህ?» አለች፣
የሚመጣው ወር ላይ እኔን በሕይወት ቆጥራ።

ድምፁ አልጠፋም። ዛሬም አንዳንድ ሌሊት፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣
በቤት ስሜ ይጠራኛል፤ ያችኑ ይደግማል፣ ያችኑ ሐሜታ።
ያኔ ዚያዳን እቀሰቅሳለሁ። «መጣ» እላታለሁ፤
ከፍ አድርጌ፤ ምላሷን እገፋታለሁ።
ቁጣ መስሎ የመጣው፣ ሲያወሩት፣ ሐዘን ሆኖ ይገኛል፤
ሐዘን ደግሞ አልቅሶ ይተኛል፤ ሲነጋ ይርበዋል።

ቁልፉ እስካሁን ከትራሷ ሥር ያድራል፤
ጠዋት ትሰጠኛለች።
መጀመሪያ ለሙና ከፈልኩ። ልጇ ዓይኑን ታከመ።
ዐሥራ ሦስት ሰው ጨርሻለሁ።
ዐሥራ ሰባት ይቀረኛል።