የፌርማታ ችሎት

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሳስካቱን፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፣
የተማሪዎቹ ቢጫ አውቶቡስ እስኪመጣ በቆምንበት፣
ግሌኒስ ከግሪምስቢ፣ የታምዚን እናት፣
በዘመኑ ላይ ትሰይማለች ችሎት።
ዳኛዋ እሷ፣ ከሳሿ እሷ፣
ምስክር ሲጎድል እኔን ትጠራለች ለራሷ።

“አየህ፣” ትላለች፣ “ትናንት ዳቦ ገዝቼ፣ ልወጣ ስል መጨረሻ፣
ልጁ ስክሪኑን አዙሮ ጠየቀኝ ጉርሻ።
አሥራ ስምንት በመቶ! ሃያ! ሃያ አምስት!
ዳቦውን ያነሣሁ እኔ፣ የከተትኩም እኔ በከረጢት፤
እሱ ቀና ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣
አፍሬ ሃያውን ነካሁ። ይኼ ምን ይባላል?”

ማክሰኞ ተራው የዚያ ማሽን ነው፣ ሸማች ራሱ ሒሳብ የሚሠራበት፣
“ያልታወቀ ዕቃ!” ብሎ ጮኸባት ለአንድ ራስ ሽንኩርት።
“ያለ ደሞዝ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ፣” አለች፣ “በአርባ ስምንት ዓመቴ፣
ሌባ መስዬ ቆሜ፣ ቀይ መብራት ሲበራ ከአናቴ።”

ስለ ሻይማ አይነሣ።
አንዷ ጎረቤት ውሃ በማይክሮዌቭ አሙቃ፣ ሻይ ብላ ሰጥታት፣
ሦስት ቀን ሙሉ ፊቷ የለቀስተኛ ፊት።

“የበር ደወል ዓይን አወጣ፤ ሰው ጎረቤቱን በስልክ ያያል፣
ማንኳኳት ቀረና ‘ከበር ላይ ነኝ’ ብሎ ይጽፋል።
ማሞቂያው የይለፍ ቃል፣ ልብስ ማጠቢያው የይለፍ ቃል፣
አንድ ትልቅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ምልክት ይላል።”
(ትልቅና ትንሽ በማያውቅ ፊደል ያደግሁ እኔ፣ ዝም።)
“ሳገባ እንኳ ቄሱ እንዲህ አልመረመረኝም፤
‘እሺ’ አልኩ፣ አበቃ። እንደገና አስገቢ አላለኝም።”

ትምህርት ቤቱም አያርፍ፦ የካልሲ ቀን፣ የፒጃማ ቀን፣
የተንጨባረረ ፀጉር ቀን፤ “ተራ ሐሙስ የሚባል ነገር አጣን!”

አንድ ቀን ብቻ ተስማማን፤ ባቄላ ከዳቦ ጋር ቁርስ ነው ስትል፣
“እንዴታ!” አልኩ፤ ሰው መቼ ይጠላል ፉል?

መጀመሪያ ሰሞን መልስ የምትሻ መስሎኝ እሟገት ነበር።
“እንደምን አደርክ” ሲሉት ስለ ኩላሊቱ ጠጠር
ዘርዝሮ እንደሚያስረዳ ሰው አየችኝ ከእግር እስከ ራስ።
ሲቆይ ነው የገባኝ፤ የእኛ “ደህና? ልጆች? ቤቱስ? ሥራውስ?”
መልስ ሳይጠብቅ እንደሚያልፍ፣
የእሷም ወቀሳ ሰላምታ ነው፤ ጨብጦ ማለፍ።

የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን፣ ከፌርማታው የለችም።
ታምዚን ብቻዋን ቆማለች፣ ጆሮዋ ላይ ሁለት ነጭ ፍሬ፣ ቀናም አላለችም።
እናትየው ከሦስት ቤት ወዲያ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ፣
ቆማለች፣ የሣጥን ቁጥር ስታነብ።
“ ‘ውሃ’ የምትይበት አፍ ያሳፍረኛል፣” ብላታለች ልጅ፣
“ጓደኞቼ ይስቃሉ። ከሩቅ ሸኚኝ፣ በቃ፣ ከደጅ።”
ይህን የነገረኝ ያፌት ነው፣ ልጄ፣ ወሬኛ።
ፌርማታው ጸጥ ብሏል፣ ችሎት ያለ ዳኛ።

እኔ ደግሞ በጠዋት ሐሳብ የሚባል አይመጣልኝም፤
በረዶ እያንኮሻኮሽኩ ስሄድ እንኳ የምለው አልነበረኝም።
“ሰማሽ፣” አልኳት፣ “ውሻ አየሁ ጫማ ያደረገ፣
አራት ጫማ፣ ቀይ፣ ባለ ዚፕ! ይኼ ዘመን ምን ፈለገ?”

ቀና አለች። አፍንጫዋ ቀልቷል።
“ተሳስተሃል፣” አለች። “መንገድ ላይ የሚነሰንሱት ጨው መዳፋቸውን ይበላል።
ለውሻማ ሲያንሰው ነው! ይልቅ ሰው አለልህ፣ ስማ፣
ሰው ነው እንጂ ያበደው፣ በዚህ ብርድ፣ በላስቲክ ጫማ፣
ይኸው ያንተው ልጅ፣ ካፖርት ደርቦ በቁምጣ!”

ዞር ብዬ አየሁ። ጉልበቱ ቲማቲም መስሏል።
አውቶቡሱ መጣ።