የበሩ መንታ

ጥር ነው፣ ታርቱ ላይ። ኤማዮጊ ወንዙ
በበረዶ ታሽጎ፣ ጀልባዎች ከዳር ላይ እንደ ቆሙ ፈዘዙ።
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ይበራል፤
ማቀዝቀዣው ያጓራል፤
ቪርቬ ጓንቷን አጥልቃ ጠብታ ትቆጥራለች፣
«ከ… ከ… ከ…» ትላለች፣
«ከመጀመሪያው» ለማለት። ቃሉ በሩ ላይ ሲያንቃት
ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፣ እስኪለቃት።

እኔ ያኔ ብልቃጥ አጣቢ፣ ገና ለጋ ተማሪ፣
ከመጽሐፉ በቀር የሌለኝ መካሪ።
መጽሐፉ «ይጀምራል» ይላል፣ በአንድ ቃል፣
ከጎኑ አንዲት ቀስት ይስላል፤
እንዴት እንደሚጀመር ግን ማን ጠይቆ ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው።
መልእክቱ ረጅም ክር ነው፣ በአራት ፊደል የተጻፈ፣
ቃሉ ሁሉ ሦስት ፊደል፣ ያለ ነጥብ የተሰለፈ።
ታናሹ የራይቦዞም ክፋይ ክሩን ጨብጦ ይዳብሳል፣
ኤ፣ ዩ፣ ጂ የሚሉትን ሦስቱን ይፈልጋል።
ታላቁ ክፋይ ርቆ ይንሳፈፋል፤ አይገጥምም ገና፣
አንድ እንግዳ ይጠበቃልና።

እንግዳው ተሸካሚ ነው፣ ሜቲዮኒን ያዘለ።
መንታ ወንድም አለው፤ ሸክሙ ያው፣
የሚያነበው ፊደል ያው፣
ቁመቱም እሱኑ ያከለ።
አንዱ መሐል መንገድ ላይ ሲጠሩት ብቻ ይገባል፣
አንዱ ደግሞ ሀ ለማለት ብቻ ተፈጥሯል።

ጥርን ሙሉ ከሸፈብን።
ቆጣሪው ማሽን በየማለዳው ያንኑ ዝምታ አነበበልን።
ካልዩላ፣ አለቃችን፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ፣
«ጨዉ ነው! ውሃው ነው!» እያለ በቁጣ።
ጨው ቀነስን። ውሃ ቀየርን። ማግኒዥየም ጨመርን።
የካቲት ገባ። አሁንም ዝም አለን።

አንድ ሌሊት ቪርቬ የታኅሣሥን ደብተር ገለጠች።
መንታዎቹን የለየንበት ወረቀት፣ ሁለት ጉብታ፤
ትልቁ የጠራ፣ የሚያምር፣ እኛ የመረጥነው፣
ትንሹ ሥር በእኔው እጅ «ትርፍ» ተብሎ ተጽፏል።
«ይ… ይ… ይሄ» አለች፣ ትንሹን በጣቷ ነካች።

ትንሹ ጉድለት አለበት።
በክንዱ ጫፍ፣ ሌሎቹ ሁሉ እጅ ለእጅ በሚያያዙበት፣
የእሱ የመጀመሪያ ጥንድ አይጨባበጥም፣ ክፍት ነው።
የሚያውቁት በዚያች ክፍተት ነው፤
አይተው ፎርሚል የምትባል ትንሽ ቆብ ይደፉለታል፣
ወገቡ ላይ ሦስት ጥብቅ ቋጠሮ አለ፣ ያ ያሳልፈዋል፤
ሌሎች ከደጅ ገብተው ተራቸውን ሲጠብቁ
እሱ ቀጥ ብሎ መሐል ወንበር ላይ ይቀመጣል።
ያኔ ታላቁ ክፋይ መጥቶ ይከደናል።
ያኔ ሥራ ይጀመራል።

«ትርፍ» የተባለውን ብልቃጥ ከሣጥኑ ሥር አወጣን፤
ቪርቬ በመዳፏ አቀለጠችው፣ እንደ ጫጩት አቅፋ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ቁጥር ተፋ፦
አራት ሺህ፤ ሰባት ሺህ፤ አሥራ አንድ ሺህ…
አልጮኽንም። እኔ ወንበር አጥቼ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«ከዚያስ ምን ይሆናል?» አልኳት።
ፕሮቲኑ ሲረዝም፣ አለች፣ ብዙ ጊዜ
ፊት የገባውን ሜቲዮኒን ቆርጠው ይጥሉታል።
«አያሳዝንም?»
ጓንቷን አወለቀች። «ለቁ… ለቁልፍ
እራት አይቀርብለትም» አለች፣ መብራቱንም አጠፋች።

ሚያዝያ ላይ ካልዩላ «አንቺ ተናገሪ» አላት።
አርባ ሰው። ሰሌዳው ላይ ሁለቱ ጉብታዎች።
ከመስኮቱ ውጭ የወንዙ በረዶ ይሰነጠቃል።
«ከ…» አለች ቪርቬ።
«ከ… ከ…»
አንዱ ሳለ። አንዱ ሰዓቱን አየ።
ፊት ረድፍ ላይ ኡርማስ ቃሉን ሊጨርስላት አፉን ከፈተ፤
የወንበሩን እግር ከኋላ በጫማዬ መታሁት።
ዘወር ብሎ አየኝ። አፉን ዘጋ።

እሷም ዓይኗን ጨፈነች።
ጠበቅን።