ሙጫ

በሀል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ዝናብ ከባሕር መጥቶ መስኮቱን ሲነካካ፣
ሦስት ሆነን ተሰየምን ለአንድ ሰው ጉዳይ፤
ዳኛዋ ከመሐል፣ ክብደቱን ልትለካ፤
በቀኟ ባቡር ነጂ፣ በጡረታ ያለ፣
በግራዋ እኔ፣ የሥጋ ሻጭ ልጅ፣
ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ቢላ ሲስል የዋለ፣
ዛሬም ጮማ ጮማ የሚሸት የሚመስለኝን እጅ።

ከሳሽ፦ ኤድሪክ ስታንክሊፍ፣ አምሳ ሦስት ዓመቱ፣
የዊትቢ ቤተ መጻሕፍት ጥበቃና ጽዳት፣
የሸራ ጫማው በዝናብ ርሶ እስከ እግር ጣቱ
ከወንበሩ ሥር ትንሽ ኩሬ የሠራ ባንድ ሰዓት።

አይጥ በዝቶ መጻሕፍቱን በላ፤ አለቃው ሙጫ ሰጡት፤
"መደርደሪያ ሥር አንጥፈው።" አንድ ሌሊት አነጠፈ።
ጠዋት ሲመጣ አንዷ በሕይወት አለች፤ ዓይኖቿ አዩት፤
ከምሳ ዕቃው ዘይት ጠብ አርጎ፣ እግሯን ባንድ ባንድ አራገፈ።
የቀረውን ጠቅልሎ ጣለ።
ዳግመኛ ታዘዘ። "አልችልም" አለ።
በሦስተኛው ተባረረ።

ሊምል ቆመ። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱስ አቀረበ፣
ጥቁር፣ ወርቅ የተቀባ ጠርዙ።
ሰውየው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበ፤
"ልባሱ ምንድን ነው?"
"ቆዳ ነዋ!"
"በቃሉ ጠብ የለኝም፤ ልባሱ ጨርቅ የሆነ፣
ወረቀትም ቢሆን፣ አይገኝም?"
ሳቅ ታፈነ። ጸሐፊው ከፎቅ ፎቅ ባዘነ፤
ከዘበኛው መሳቢያ አንድ ተገኘ፣ ጀርባው የተገነጠለ፣
በእሱ ላይ ማለ።

ጠበቃ ፔንዳርቭስ ተነሣ፣ መነጽሩን ወልውሎ፦
"ጎመንህ ሲታረስ ትል አይቆረጥም?
ጥርስህን ያመመህ ዕለት የዋጥከው ክኒን
ጄላቲኑ ከላም አጥንት አይደለም?
ይህ ሃይማኖት ነው ወይስ አመል፣
እንደ ሻይ ያለ ስኳር?"
"አውቃለሁ" አለ። "ንጹሕ ነኝ አላልሁም።
እንዲያንስ ነው የምሞክረው።"
"የአሠሪህን ንብረት መጣልህን ታምናለህ?"
"አምናለሁ።"

ብዕሬ ቆመ።
ቃሉ አንድ፣ በሩ ሁለት፤
በአንዱ ጥፋተኛ ይወጣል፣ በአንዱ ምእመን ይገባበት።
በየትኛው ልጻፈው?

ለምክር ገባን። ባቡር ነጂው አጉረመረመ፦
"ነገ ሌላው ተነሥቶ 'ማክሰኞ አልሠራም፣
እምነቴ ነው' ቢልስ?" ዳኛዋ መልስ አልሰጠችም፤
መለኪያውን ብቻ አነበበች፦ የጸና፣ የጠለቀ፣
የሌላውን ሰው ክብር ያልነጠቀ።
እኔ አባቴን አሰብሁ።
ጠቦቱን ሳይጥል በፊት ዓይኑን በመዳፉ ይጋርድ ነበር፤
ሌላ በግ እያየም አንድም ቀን አላረደ።
ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀው፣
እሱም ለማንም አላስረዳ።
ያ እምነት ነበር? ሕግ ይጠብቀው ነበር?

"ታውቃላችሁ?" አለች ዳኛዋ፣ ወረቀቷን እያጠፈች፣
"የዚህ አገር የድሮ ሕግ ሁሉ በጥጃ ብራና ነው የተጻፈ።"
ማናችንም አልሳቅን።
ይጠልልበት ዘንድ የተዘረጋለት ጥላ
እሱ ራሱ የተገፈፈ።

አይጥስ መጽሐፍ ምኗ ነው?
ማንበብ አምሯት አይደለም፤
የድሮ ጥራዝ ሙጫው ከአጥንት፣ ከሰኮና የተቀቀለ ነው፣
እሱ ሸቷት ነው የመጣች።
ሙጫ ፈልጋ መጥታ
ሙጫ ላይ ቀረች።

ከስሙ ትይዩ "እምነት ነው" ብዬ ፈረምሁ።
ሌሎቹ ምን እንደጻፉ በጊዜው ይነገራል።

ማታ ቤቴ ገብቼ የተረፈ የበግ ሥጋ አሞቅሁ።
በላሁ። ጣፈጠኝ።
እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብሁ።