ሦስተኛዋ ልደታ

እኔ አቤቱታ ጸሐፊ ነኝ፣ ከልደታ ችሎት አጥር ሥር፣
የሰው በደል በገጽ ሃምሳ ሳንቲም ስቸረችር።
መኪናዬ «ፍ» ወልቆባታል፤ «ትሕ» ብላ ትዘላለች፣
ራሱን ለእስክርቢቶዬ ባዶ ትታ ታልፋለች።
ስለዚህ ፍትሕን ሁሌ በእጄ ነው የምሞላው፤
አንዳንዴ ይረሳኛል፤ ሥራ ሲበዛ፣ ዓይን ሲደክም፣ ያው።

የዳኛ አውሳብዮስን ግን ጻፍ ያለኝ ማንም የለም፤
የሚከፍለኝም የለም።

ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ በእግሩ ነበር የሚመጣ፣
ከካቶሊኮች ልደታ አስቀድሶ ሲወጣ፤
ካባውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከብብቱ ሸጉጦ፣
በተክለ ሃይማኖት ወርዶ፣ ሰንጋ ተራን አቋርጦ፣
ከአንዷ ልደታ ወደ ሌላዋ።
ጫማው አፍንጫው የተላጠ።
ስሜን የሚያውቅ ዳኛ ከእሱ ሌላ አልገጠመኝም፤
«ምትኩ፣ ዝናቡ ሸራህን በሳው እንዴ?» ይለኛል፤ ያልፋል።

ያን ዕለት አርባ አባወራ፣ ጭሰኛ፣ በረንዳውን ሞልቶ፣
ከነልጁ፣ ከነስልቻው፣ ሌሊቱን እዚያው ተኝቶ።
ሰነዱ ንጹሕ ነበረ፤ ማኅተሙ፣ ባለርስቱ ንጹሕ፤
አንቀጹም ንጹሕ።
«ይልቀቁ» ሲል ፈረደ፤ ድምፁ እንኳ አልተዛነፈ።
በምሳ ሰዓት መጥቶ ከፊቴ ካለችው ድንጋይ አረፈ።
«ጻፍልኝ» አለ።
የሥራ መልቀቂያ። ሦስት መስመር።
ሃምሳ ሳንቲሙን ሲሰጠኝ «ከእርስዎስ አልቀበልም» ብለው፣
«ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አለ። ዳኛ፣ ምን ታደርገው።

የቀረውን ከሰው ሰማሁ፦
የፒያሳ ቤቱን ሸጠ፤ በሁለት ጭነት መኪና
አርባውን ቤተሰብ ይዞ ቆላ ወረደ፤ ወባና
ጅብ ብቻ ወደሚያውቁት ጠፍ።
ግማሾቹ የእሱ ሃይማኖት፣ ግማሾቹ ኋላ የገቡ።
መንገዱን በገመድ ለካ፤ በቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን
አቆመና ስም አወጣላት፦ ልደታ። ሦስተኛዋ።
የመጀመሪያው መቃብር የገዛ ልጁ የቴክላ ነው፤
ጉድጓዱን ማንም እንዳይነካ ከልክሎ ራሱ ቆፈረው።
አረቄም ከለከለ። ማታ በደወል መብራት ይጠፋል፤
የተጣላ እሱ ፊት ይቆማል፤ ይግባኝ የት ይባላል?
«መሬቱ የማን ነው?» ሲሉት «የእግዜር» ይል ነበር አሉ፤
ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ ነው፣ ከነአባቱ፣ በሙሉ።

ሰባት ክረምት አልፎ፣ ሦስት ሰው ከሸራዬ ሥር ቆመ፣
እግሩ በቀይ አቧራ እስከ ጉልበት የቀለመ።
«ክስ ጻፍልን።»
በማን ላይ?
«በአባታችን። በአውሳብዮስ። ካርታው በስማችን ይዙር።»
ጣቴ መኪናው ላይ ቀረ።
ግን እኔ ከሳሽ አልመርጥም፤ ገጽ ሃምሳ ሳንቲም፤ ጻፍኩት።
ለጣት አሻራ ቀለሙን ለሽታዬ አቀረብኩላት፤
ያኔ በረንዳው ላይ ስታለቅስ ያየኋት ናት።
ቀለሙን ገፋ አድርጋ እስክርቢቶዬን ተቀበለች፤
ስሟን ጻፈች።
«የት ተማርሽ?»
«እሱ ነው ያስተማረን።»

በቀጠሮው ሸራዬን አጥፌ ገባሁ።
ከተከሳሽ ቦታ ቆሟል፤ ጋዜጣ የለ፣ ካባ የለ፤
ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ፣ የድሮ ጸሐፊው፣ ቀና አላለ።
«ክሱን ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?»
ደጅ አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።
«አምናለሁ» አለ።
እንደ ቅዳሴው ይሁን፣ ተሸንፎ ይሁን፣ አልለይ አለኝ፤
መዝገብ ላይ ሁለቱም በአንድ ፊደል ናቸው መሰለኝ።

ሲወጣ እኔ ዘንድ መጣ፤ የክሱን ቅጂ ዘርግቶ፣
«ሦስተኛው መስመር ላይ» አለኝ፣ በጥፍሩ ጫፍ ነክቶ፣
«"ፍ" ረስተሃል።»
እስክርቢቶዬን ወስዶ ራሱ ሞላት።
ሃምሳ ሳንቲም ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ፤
በእግሩ፣ ቀስ እያለ፣ ዳገቱን፣ ወደ ፒያሳ።
ደረሰኝ አልጠየቀኝም።