ለአሥር ሩብ ጉዳይ

እኔ ኋለኛ ነኝ፤ ሥራዬ መጨረሻ፤
ከሁሉ በኋላ ነው የምወጣው ከዋሻ።
ኢንማ ትመራለች ከፊት፣ ቢጫ ለብሳ፣
እኔ ከኋላዋ፣ የወደቀውን ላነሣ፦
አንድ እጅ ጓንት፣ የላላ ቡሎን፣ የፈሰሰ ጎማ፣
ትንፋሹ ያጠረ ጡረተኛ ከሩቅ ከተማ።

ስድስት ቀን ነው ጉዞው፤ መኪና አያውቀውም፤
ጡሩምባ የሚነፋ፣ የሚጋፋ የለውም።
ድሮ የባቡር ነበር ይኼ ያንዳሉሲያ መንገድ፣
የወይራ ዘይት በበርሜል ጭኖ ወደ ባሕር ሲወርድ፤
ሐዲዱን ነቅለው ሸጡት በኪሎ፣ እንደ አሮጌ ድስት፣
ቀረ ጠጠሩ ብቻ፣ ቀረ የመንገዱ ትዕግሥት።

ትዕግሥት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤
ባቡር ዳገት አይወድም፤ ሽቅብ አይሆንለትም።
ስለዚህ ያኔ፣ በአካፋ፣ በድማሚት፣
ተራራውን ለመኑት፦ "እባክህ፣ ቀስ በል ጥቂት"።
ተራራውም ቀስ አለ።
ባቡሩ ሄደ፤ ልመናው ግን እዚያው ዋለ፤
የሰባ ዓመቷ ሴትዮ፣ ጉልበቷን የታከመች፣
ግማሽ ቀን ሽቅብ ሄዳ፣ "ሜዳ ነው አይደል?" አለች።

በሁለተኛው ቀን ዋሻ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል።
መብራቱ ተበላሽቶ፣ ጨለማው እንደ ከሰል።
ሞራግ፣ ስኮትላንዳዊቷ፣ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣
አንድ ድምፅ ለቀቀች፤ ቃል የሌለው፣ ረጅም፣ ቀጥ።
እነሱ ብርሃን ላይ ወጥተው፣ "ደረስን" ሲሉ፣
ድምጿ ገና ከኔ ጋር ነበር፤ ድንጋዮች ሲቀባበሉ።

ያደርነው ድሮ ጣቢያ ከነበረ ቤት፤
ወይን ጠጅ ይቀዳል በትኬቱ መስኮት።
ሦስተኛው ቀን የመቀመጫ ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝ፤
ኮርቻው አጥንት ይቆጥራል። ራት ላይ "ቆሜ ልብላ" ያለኝ
ዊብረን ነው፣ ሆላንዳዊው መሐንዲስ፣ በሰዓቱ የሚመካው፣
ደቂቃ ሳትዛነፍ ቀኑን ሁሉ የሚለካው።

አራተኛው ቀን። ፉዌንሴካ። የፈረሰ ጣቢያ፣
ጣሪያው ለሽመላ፣ ትኬት ቤቱ ለፍየል ማደሪያ።
ሐዲድ ከጋሪ መንገድ ይገናኝ በነበረበት ሥፍራ
ነጭ ቤት አለች፣ ትንሽ፣ ያረጀች ከበለሷ ጋራ።
ከውስጧ ወጣች ብሪሂዳ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ።
የደንብ ኮቷን ቆልፋ፣ ቀይ ባንዲራ በጣቷ፣
መሐል መንገድ ቆመች። ባንዲራውን ዘረጋች።
ኢንማ ፍሬን ያዘች። ምንም አልተነፈሰች።

ሰባት ብስክሌት ቆመ። ስምንተኛው፣ እኔ፣ ዘግይቼ ደረስኩ፤
ለዚህ መንገድ አዲስ ነኝና፣ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ።
ዊብረን ሰዓቱን አየ፦ "ለአሥር ሩብ ጉዳይ።
ምንድን ነው የምንጠብቀው፣ በዚህ ፀሐይ?"
ኢንማ በሹክሹክታ፦ "ባቡር።"
"ባቡር? ሐዲዱ የታል?" "ተነቅሏል። አትናገር።"

መጀመሪያ ሳቅ ያፈነው ነበር፤ ኋላ ሳቁ ጠፋ።
ወይራዎቹ ብር መሰሉ፣ ነፋስ ከቆላ ሲነፋ።
ከጠጠሩ ሥር አንዳች ነገር የተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ አልምልም።
ሞራግ የራስ ቁሯን አወለቀች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
አራት ደቂቃ ሙሉ። ዊብረን እንኳ፣ ቆጥሮ የማይጠግበው፣
ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነው።
ከዚያ አሳለፈችው፤ በዓይኗ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
ፉርጎ በፉርጎ፣ አንገቷ እየዞረ በተራ፤
የመጨረሻውም ሲያልፍ ባንዲራዋን ጠቀለለች፣
"እለፉ" አለች።

አለፉ። አንድ በአንድ። የተኛ ልጅ እንዳይቀሰቅሱ ያህል።
ተራዬ ሲደርስ፣ በእጇ ምልክት፦ "አንተ ቆይ፣ ታገሥ፣ ቀስ በል።"
ከኪሷ ደብተር፣ ከጆሮዋ ጀርባ እርሳስ አወጣች፤
"ካንተ ኋላ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።
ዘጠኝ ዓመት ኋለኛ ሆኜ፣ ይኼን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ማንም አልነበር።
ዘወር ብዬ አየሁ። ወይራ። አቧራ። የኛው የጎማ መሥመር።
"የለም" አልኳት። "መጨረሻው እኔ ነኝ።"
እርሳሷን በምላሷ አርሳ፣ ስትጽፍ አሳየችኝ፤
ፊደሏ ደቃቅ ነው፦
"ስምንት መንገደኛ። አንዱ ዘግይቶ። መሥመሩ ነፃ ነው።"

የቀረው ሁለት ቀን ቁልቁለት ነው፣ እስከ ባሕር።
አንድ ጎማ ጠገንኩ። ሌላ የለም የሚነገር።