ዘጠነኛው እትም

ግሪምስቢ ከተማ፣ ከበረዶ ፋብሪካው ጀርባ፣
ነፋሱ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ከባሕር ሲገባ፣
መኪና አድሮበት የማያውቅ ጠባብ ጋራዥ ነበረ፤
«የጎን በር» መጽሔት እዚያ ተፀነሰ፣ እዚያው ተጀመረ።

ሞሪን ታስከር ነበረች አዘጋጇ፣
የበረዶ ሒሳብ ያዥ፣ ቀለም የማይለቀው እጇ።
ስሙን ያወጣው ወንድሟ ዴንዚል ነው፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ፦
«የፊቱን በር ትልልቆቹ ከዘጉት፣ ሰዎቻችን በጎን ይግቡ!»

ማባዣዋን የገዟት ከተዘጋ ጸሎት ቤት ነው፣ በዘጠኝ ፓውንድ፤
ቢያጥቧት ቢያጥቧት ትዝታዋ አልለቀቀም።
በመጀመሪያው እትም፣ በማርሱ ታሪክ መሀል፣
«ማክሰኞ የሴቶች ጉባኤ፣ ሻይ አለ» የሚል
የድሮ ማስታወቂያ ጥላው ደብዝዞ ታትሟል።
ከኪርካልዲ ጻፈ አንድ የማያውቁት ሰው፦
«የማርስ ሴቶች ማክሰኞ መሰብሰባቸው አንጀቴን አራሰው።»

ለደራሲው ክፍያ? ሁለት ቅጂ፤ በጭስ የደረቀ ዓሣ ምርቃት፣
የፖስታ ቤቱ ድመት ካልቀደመ ለራት።

እኔ ያኔ ዶንካስተር ጣቢያ ትኬት እየቆረጥኩ፣
በአሮጌ ትኬት ጀርባ አንድ ታሪክ ጽፌ ላክኩ።
ጨረቃ ላይ ዓሣ የምታጥብ ሴት ነበረች፣
በሁለተኛው ገጽ ብቅ ብላ የቀረች፤
ዋናውማ ካፒቴን ነው፣ ንግግሩ ያጠረ፣
መንጋጋው እንደ መልሕቅ የጠነከረ።

መልሷ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ ጠርዙ በቀለም ጨቅይቶ፦
«ካፒቴንህን ባሕር ጣልልኝ። እሱን የሚመስሉ
አርባ ካፒቴኖች ጠረጴዛዬ ሥር ተኮልኩለው አሉ።
ሴትየዋ ግን ማን ናት? እጇን ይበርዳታል?
ባሕር በሌለበት፣ ዓሣው ከየት ይመጣላታል?
ስታውቅ ጻፍልኝ። ሞ. ታ.»

አላወቅሁም። አልጻፍኩም።
በንዴት ደብዳቤዋን በትኬት መብሻዬ በሳሁት፣
ከዚያ አዘንኩና አጥፌ ደረት ኪሴ ሸሸግሁት።

ስምንተኛው እትም በጥቅምት ወጣ። ወረቀት ተወደደ።
«ሁለት ጉዞ ብቻ» አለና ዴንዚል ወደ ሰሜኑ ባሕር ሄደ።
ሬዲዮው ከአየር ጠባዩ ዜና ቀጥሎ
የመርከቡን ስም አነበበ።
ቀለሙ ማባዣዋ ውስጥ ደረቀ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ጋራዡን ከፈተችው፤
የሽፋኑ ቁጥር ላይ ስትደርስ፣ «አሥር» ብላ ጻፈችው።
ስታ ነው ያሉ አሉ። ስታም አይደለም ያሉ አሉ።

ጉዱ ከዚያ ወዲህ ነው። ሰብሳቢዎች ተነሡ፣
ከሊድስ፣ ከአበርዲን፣ አንዱማ ከኦስሎ፣
«ዘጠነኛውን ለሸጠልኝ የወር ደሞዜን!» ብሎ።
ቀጥሎ «አንብበነዋል» ባዮች መጡ።
ሽፋኑ አረንጓዴ ነው አለች አንዷ፣ ሌላው ዝገት አለ፤
ሰዓት የሚሸጡ ወፎች፣ ዕዳ ያለበት ደመና፣
በገጽ አሥራ ሰባት ላይ የተገለበጠ ሥዕል፣
ሁሉም የየራሱን ይምላል።
ሞሪን ደብዳቤዎቹን አነበበች፣ አንዱንም አላስተባበለች፤
«ቅጂው አልቋል» እያለች ብቻ መለሰች።

በሠላሳ አንደኛው የማባዣዋ ጥርስ ረገፈ።
መሰነባበቻ የለም፤ በመጨረሻው ገጽ
«የሚቀጥለው በግንቦት» እንዳለ ቀረ።

አምና ስካርብራ፣ በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ፣
መነጽሩ በፕላስተር የተያዘ ሽማግሌ አገኘሁ።
ዘጠነኛውን አንብቦታል፤ እንደ ሁሉም።
«ምርጡማ» አለ፣ «የዚያች ዓሣ አጣቢ ታሪክ፣ ጨረቃ ላይ።»

እግሬ ከዳኝ። በርጩማ ሳብኩ።
«ዓሣውን ማን ነው የሚያመጣላት?» አልኩ።

«ወንድሟ ነዋ! ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ፣
በመጣ ቁጥር ‹ሁለት ጉዞ ብቻ› ይላታል፣
ባልዲውን ያስቀምጣል፣ ይሄዳል።
እሷም እጇን ትተነፍስበትና ማጠቧን ትቀጥላለች።»

ኪሴ ውስጥ የደብዳቤዋን ቀዳዳ በጣቴ ዳበስኩ።
«ካፒቴንስ? ካፒቴን አልነበረበትም?»
አሰበ። ጣቶቹን ቆጠረ።
«የለም» አለ፣ «ካፒቴን የሚባል የለበትም።»